ዳይሬክተሩ የተባረሩበት ሰኞ

የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ከነመምህራናቸው በአንድ ጠዋት ሲባረሩ በዓይኔ አይቻለሁ። አዎ፣ እኔ ጂንሲ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ያየሁትን ለአባቴ ነገርኩት፣ አባቴ ለሥራ ባልደረቦቹ ነገራቸው፣ በማግስቱ ሩዊ በምትባለው ሰፈራችን ውስጥ ወሬው ያልደረሰው የአገራችን የሕንድ፣ የኬረላ ሰው አልነበረም። ነገሩ እኔ እንዳየሁት አለመሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ግን በሞቴ፣ ውሸታም እንዳትሉኝ። እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

መጀመሪያ ያስጨነቀንን ነገር ልንገራችሁ። አባቴ ቫርኪ ዓረብ አገር፣ ሙስካት ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነበር። እኔ ሳልወለድ ሄዶ፣ በሁለት ዓመት አንዴ ለሠላሳ ቀን እየመጣ ነው ያሳደገን። ስምንት ዓመት ሲሞላኝ አባቴን በጠቅላላው አራት ጊዜ አይቼዋለሁ ማለት ነው። በአራተኛው ጊዜ እንኳ «አባዬ» ማለት አፍሬ «ሰውዬው ምሳ ቀርቧል በሉት» ብዬ ቤተ ዘመዱን በሳቅ ገድዬዋለሁ። አባቴም አብሮ ሳቀ። በፈረንጆቹ 1994 ክረምት ላይ ግን ቪዛ አገኘልንና እናቴን፣ እኔንና የስድስት ዓመት ወንድሜን ጂቶን ሩዊ ወዳለች አንዲት ክፍል ቤት አመጣን። ኧረ ያ ደስታ! አባት ማለት ሲተኛ የሚያንኮራፋ፣ ሲላጭ የሚያንጎራጉር፣ የሰው ብስኩት ደብቆ የሚበላ ፍጡር መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው።

ግን ደስታችን በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ነበር። የሕንድ ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምረው ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍልን የመጨረሻ ቦታ ለእኔ ሰጠኝና ለጂቶ «አንደኛ ክፍል ሞልቷል» አለ። አርባ አምስት ልጅ፣ አርባ አምስት ወንበር፣ አበቃ። እናቴ ደግሞ «ልጄ ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ እያየ አይውልም» ብላ ቆርጣለች። ቦታ ካልተገኘ ዓርብ ሁለታችንንም ይዛ ወደ አገራችን ወደ ኮታያም ልትመለስ ትኬቱ ተቆርጧል። አባቴ እንደገና የሠላሳ ቀን አባት ሊሆን ነው።

አባቴ ዳይሬክተሩ ቢሮ ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ሚስተር ሴሻድሪ ይባላሉ፤ በሂንዱ ወግ ግንባራቸው ላይ አመድ በሦስት መስመር የተቀቡ፣ ጥርሳቸው ታይቶ የማያውቅ ሰው ናቸው። ባለጉዳይ የሚያነጋግሩት ጠዋት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ብቻ ነው፤ በየጊዜው «በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ» ይሉታል። በአራተኛው ላይ የአባቴ አለቃ አመረረ። «ሰው በሙቀት እየተቀቀለ አንተ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ትዞራለህ?» ብሎ ፈቃድ ከለከለው። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት አባቴ ደብዳቤ ጻፈና ፖስታውን ለእኔ ሰጠኝ።

«ጂንሲዬ፣ ይኼንን ለዳይሬክተሩ ትሰጫለሽ። ለጸሐፊዋ አይደለም። በእጃቸው።»

«እሺ አባዬ።»

«ማንም እኔ ላድርስልሽ ቢልሽ?»

«በእጃቸው።»

«ሞተው ቢሆንስ?» አለ ጂቶ።

«ዝም በል አንተ!» አለች እናቴ፤ «ላንተ ቦታ እየተለመነ ሰውየውን ትገድላለህ?»

ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱን ከተቀላቀልኩ ገና አንድ ሳምንቴ ነው። የመጣሁት ከመነኮሳት ትምህርት ቤት ነው፤ ሁሉም ነገር በአገራችን ቋንቋ በማላያላም፣ ሁሉም ነገር በሹክሹክታ። እዚህ ግን ጉድ ነው! አንዱ ጥግ ለሰልፍ ልምምድ ከበሮ ይደበደባል፤ ፎቁ ላይ ሠላሳ ሴት ልጆች ለዓመታዊው በዓል አንድ ዓይነት ጭፈራ ይረግጣሉ፤ መጸዳጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ አንዷ ለንግግር ውድድር እጇን እያወናጨፈች «ክቡራን ዳኞች!» እያለች ግድግዳውን ታፋጥጣለች። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ቁጣው በሂንዲ ነው። ከአሥር ቃል አንዱ ይገባኛል፤ ዘጠኙን ከራሴ እሞላዋለሁ። እስካሁንም ይሄ ጠባይ አልለቀቀኝም ይላሉ።

ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቀና ብል መድረኩ ላይ አንድም የማውቀው መምህር የለም። በነሱ ቦታ ሳሪ የለበሱ የማላውቃቸው ወጣት ሴቶች ቆመዋል፤ አንዷ የራሷን ሳሪ ረግጣ ልትወድቅ ስትል ጎረቤቷ በክርኗ ያዘቻት። ከዚያ ኮት የለበሰ፣ ሪዙ የሚያብረቀርቅ፣ ፀጉሩን የጠመኔ ዱቄት የመሰለ ሽበት የወረረው አንድ ሰው የሚስተር ሴሻድሪን ማይክሮፎን ጨበጠ። ከንግግሩ ሦስት ቃል ያዝኩ፤ «ዛሬ»፣ «ዳይሬክተር»፣ «እኔ»። ግቢው በጩኸትና በፉጨት ተናጋ። ሴሻድሪን አባርረው ሌላ ሾሙ ማለት ነው! እኔም ጮህኩ። እንዴት አልጮህ!

ከእነዚህ የሕንድ ትምህርት ቤቶች የወጣ ሰው ይኼኔ እየሳቀብኝ ነው። ቀኑ ሴፕቴምበር አምስት፣ የሕንድ የመምህራን ቀን ነበር። በዚያ ቀን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች እንደ መምህራን ለብሰው ያስተምራሉ፣ መምህራኑ ደግሞ በእንግድነት ይቀመጣሉ። በእኛ መነኮሳት ዘንድ በዚያ ቀን አበባ ይሰጣል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ማንም አልነገረኝም፤ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ማን ይናገራል?

ወደ ክፍል ስንገባ አዲሷ የሂንዲ አስተማሪ መጣች። ሳሪዋ በመርፌ ቁልፍ ከላይ እስከ ታች ተሰክቷል። ቃል አጻፈችንና ለሁላችንም ከአሥር አሥር ሰጠችን፤ ስሜን ብቻ ለጻፍኩት ለእኔም ጭምር። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ አዘፈነችን። ይህ መንግሥት ይሰንብት አልኩ በሆዴ።

በመስኮት ግቢው ይታያል። ድንኳን ሥር የተባረሩት መምህራን ተሰብስበው ሳምቡሳ ይበላሉ። የስንብት ሳምቡሳ መሆኑ ነው። መሀል ላይ ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል፤ ሙዚቃ ሲከፈት መምህራኑ ይዞራሉ፣ ሲዘጋ ይሻማሉ፣ ወንበር ያጣ ይወጣል። ከዚያ አንድ ወንበር ይነሳና እንደገና። ወገኖቼ፣ እኛ ቤት ሦስት ሳምንት ሙሉ «ወንበር የለም፣ ወንበር የለም» ሲባል ነው የከረመው፤ ለካ እጥረቱ እስከ መምህራኑ ደርሷል! ማን ሥራው ላይ እንደሚቆይ እየለዩ መሰለኝ። የሒሳብ አስተማሪዋ የሳይንሱን መምህር በዳሌያቸው ገፍትረው አስወጧቸው። የሂንዲዋ ዓይናቸውን በሳሪያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። በሳቅ ብዛት ነበር የሚያነቡት፤ እኔ ግን ልጆቻቸውን ምን ሊያበሏቸው ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

መጨረሻ ላይ አንድ ወንበርና ሁለት ሰው ቀረ፤ የስፖርት አስተማሪውና ሚስተር ሴሻድሪ። ሴሻድሪ ጫማቸውን አውልቀዋል! ሙዚቃው ቆመ፣ የስፖርቱ እንደ ቅቤ ተንሸራትቶ ገባ፣ ሴሻድሪ በካልሲ ቆመው ቀሩ። ሁሉም አጨበጨበ፤ አንገታቸው ላይ የአበባ ጉንጉን አደረጉላቸውና ሳቁ። ጥርሳቸውን አየሁት! የተባረረ ሰው ምን ያድርግ፣ ይስቃል እንጂ።

ደወሉ እንደተደወለ ፖስታዬን ይዤ ወደ ቢሮው ሮጥኩ። በጸሐፊዋ በሚስስ ፒንቶ ቦታ ሼርሊ የምትባል ማላያላም ተናጋሪ ልጅ ሳሪ ለብሳ ማስቲካ ታኝካለች።

«ዳይሬክተሩ አሉ?»

«እንዴታ! ክቡርነታቸው ገብተዋል፤ ይግቡ እመቤቴ!» አለችና በሩን ከፈተችልኝ።

አዲሱ ዳይሬክተር እግራቸውን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለዋል። በላብ የተነሳ ሪዛቸው ወደ ግራ ጉንጫቸው ሄዷል፤ እኔ ከሹመት ጋር የሚመጣ ነገር መሰለኝና ምንም አልደነቀኝም። ፖስታውን በሁለት እጄ ሰጠሁ። ቀደው የሴሻድሪን ወፍራም ድምፅ እያስመሰሉ ማንበብ ጀመሩ፣ ሼርሊ አፏን ይዛ ትንፈቀፈቃለች። መሀል ላይ ድምፃቸው ቀነሰ። ቀሪውን በልባቸው አነበቡት። እግራቸውንም ከጠረጴዛው አወረዱ።

ያን ደብዳቤ ካደግኩ በኋላ አይቼዋለሁ። የአባቴ እንግሊዝኛ ስብርብሩ የወጣ ነው። መሀሉ ላይ እንዲህ ይላል፤ «ሴት ልጄ ሰውዬው ብላ ጠርታኛለች፤ አልፈርድባትም። ወንዱም እንዲህ ብሎ እንዲጠራኝ ግን አልፈልግም።»

«ወንድምሽ መቁጠር ይችላል?» አሉኝ፤ ሼርሊ ታስተረጉማለች።

«እስከ መቶ!» አልኩ። ሃያ ዘጠኝ ሲደርስ ወደ ሃያ ይመለስ ነበር፤ ግን ቅዱስ ጊዮርጊስ ይቅር ይበለኝ።

«ክፍሉ ሞልቷል እኮ።»

«ትንሽዬ ነው፣ ጥግ ላይ ይግባ! አሮጌው ዳይሬክተር የለቀቁትም ወንበር አለ አይደል? እኔ ተሸክሜ እወስድለታለሁ።»

ሼርሊ ይኼንን ስታስተረጉም ቁምሳጥኑን ተደግፋ ፍርፍር አለች። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቀይ እስክሪብቶ አንስተው «ተፈቅዷል። ነገ ይምጣ» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ማኅተም ፈለጉ፤ መሳቢያው ተቆልፏል። መደርደሪያው ላይ የነበረውን የቤተ መጻሕፍት ማኅተም አንስተው ድብን አድርገው መቱበት።

«ቺንታን!» ብላ በስማቸው ጠራቻቸው ሼርሊ፤ በእንግሊዝኛም ብዙ ነገር አከታተለች፣ ድምጿ ተንቀጠቀጠ። ፊርማው አማረ የምትለው መሰለኝ።

ከሥራ ሲመለስ አባቴ ወረቀቱን ቆሞ አነበበው። ተቀምጦ አነበበው። ከዚያ እናቴን ከነማማሰያዋ ብድግ አድርጎ ሲያሽከረክራት ወጡ ግድግዳው ላይ ተረጨ።

«ኧረ አውርደኝ፣ አንተ ሰው! ቆይ እስቲ፣ ይኼ ማኅተም የቤተ መጻሕፍት ነው። በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ይመለስ ይላል። ልጄን ነው የሚመልሱት?»

«አንቺ ደግሞ! አዲስ ዳይሬክተር ናቸው አለች እኮ ልጅቷ። ማኅተማቸው ገና አልተቀረጸም። ምን ዓይነት ሰው ናቸው ጂንሲዬ?»

«ወጣት ናቸው። ሽበት አላቸው። ሪዛቸው ይንቀሳቀሳል።»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለ አባቴ። ጭንቅ ላይ የቆየ ሰው ደስ የሚል ነገር ሲሰማ አይመረምርም። ወዲያው ወጥቶ ትኬቱን አሰረዘ፣ ላዱ የሚባለውን ጣፋጭ ገዛ፣ ለጂቶ የደንብ ልብስ አመጣ። ሱቁ የቀረው የአሥር ዓመት ልጅ ልክ ብቻ ስለነበር ጂቶ ሱሪው ውስጥ ጠፋ። በመንገዱም ላይ፣ በዳቦ ቤቱም፣ በላዱ ቤቱም «ሴሻድሪ ተነሱ! አዲሱ ሰው ደግ ናቸው፣ በአንድ ደብዳቤ ይጨርሳሉ!» እያለ ለፍፏል።

በማግስቱ አባቴ አለቃውን «ብትፈልግ አባርረኝ» ብሎ ጂቶን አንጠልጥሎ መጣ። ቢሮው በር ላይ ስንደርስ ሌሎች አራት አባቶች ደብዳቤ ይዘው ተሰልፈዋል። አንዱ አውቶብሱ ቤቱ በር ላይ እንዲቆምለት ይፈልጋል። ሁለተኛው የልጁ የሂንዲ ውጤት እንዲታይለት። ሦስተኛው ልጁ በድራማው ውስጥ ዛፍ ሆኖ ሁለት ሰዓት ከሚቆም ንጉሥ እንዲሆን። አራተኛው ምን እንደሚፈልግ ገና እያሰበ ነበር፤ ዕድሉ እንዳያመልጠው ነው የመጣው።

«አዲሱ ዳይሬክተር ገቡ ወይ?» አለ የዛፉ አባት።

በሩ ተከፈተና ሚስተር ሴሻድሪ ወጡ። አመዱ በቦታው፣ ጫማቸው በእግራቸው። አባቶቹ ተያዩ። እኔ ደሜ ፈላ። ሰው ተሸንፎ፣ አበባ ለብሶ፣ ሳምቡሳ በልቶ ከተሸኘ በኋላ እንዴት ይመለሳል? ያውም ዛሬ!

«ጌታዬ!» አልኩ በማላያላም፣ በሙሉ ድምፄ፤ «እርስዎ እኮ ተባርረዋል! ወንበርዎን ሲነጠቁ አይቻለሁ! ወደ ቤትዎ ይሂዱ!»

አባቴ አፌን ሲይዘኝ ዘግይቷል። ለካ ሴሻድሪ የኬረላዋ የፓላካድ ሰው ናቸው፣ ማላያላም እንደ ውሃ ይጠጣሉ። አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቴ እጅ ላይ ያለውን ወረቀት አዩና «ግቡ» አሉ። አራቱ አባቶች ደብዳቤያቸውን ኪሳቸው ከትተው እንደ ጉም ተበተኑ።

ውስጥ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ቀዩን ጽሑፍ አነበቡ። ማኅተሙን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። አባቴ ያኔ ነገሩ ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ልጅ ናት» ብሎ ጂቶን በእጁ ይዞ ሊነሳ ሲል ሴሻድሪ «ይቀመጡ» አሉትና ሚስስ ፒንቶን አንድ ልጅ እንድትጠራ ላኳት።

የመጣው ልጅ የተማሪ ልብስ የለበሰ፣ ደረቱ ላይ ወርቃማ ባጅ ያለው ረጅም ልጅ ነበር። አላውቀውም ነበር፤ ከአፍንጫው ሥር ያልለቀቀ ጥቁር ቅባት ባላይ ኖሮ። ዳይሬክተሬ! ሽበታቸው ታጥቧል፣ ሪዛቸው ተላጭቷል፣ ወደ ተማሪነት ዝቅ ተደርገዋል! በአንድ ቀን ሰው እንዲህ ይወርዳል?

የተባባሉት በእንግሊዝኛ ነው። ሴሻድሪ ጠየቁ። ቺንታን አንገቱን ደፍቶ መለሰ። ሴሻድሪ አንዴ ወደ ወረቀቱ፣ አንዴ ወደ ልጁ ደረት በጣታቸው አመለከቱ። ቺንታን ባጁን ፈታና ቀስ አድርጎ ደብዳቤው ላይ አስቀመጠው።

«ካልፈለገው ለኔ ይስጠኛ፣ ቼቺ» አለኝ ጂቶ። እኛ ታላቅ እህትን ቼቺ ነው የምንላት።

«ዝም በል፤ ሥልጣን እያስረከበ ነው» አልኩት።

ሴሻድሪ መሳቢያቸውን በቁልፍ ከፍተው ትልቁን ማኅተም አወጡና ከቤተ መጻሕፍቱ ማኅተም ጎን መቱት። አባቴ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ሒሳቡ ለእኔ ግልጽ ነበር። ሴሻድሪ ወንበራቸውን መልሰው አገኙ፣ ከደስታቸው ብዛት ጂቶን ማሩት። ደጉ ሴሻድሪ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመት በየጸሎቴ ስማቸውን ጠርቻለሁ።

አባቴ እውነቱን የነገረኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሼ፣ እኔም በመምህራን ቀን በእናቴ ሳሪ ተጠቅልዬ ልወጣ ስል ነው። ሴሻድሪ ያን ቀን ያሉት እንዲህ ነበር፤ «ትናንት የፈረምከው ቀልድ ከነበረ እቀደዋለሁ፣ አንተም እኚህን አባት ይቅርታ ትጠይቃለህ። ቀልድ ካልነበረ አርባ ስድስተኛ ልጅ ለምን እንዳስገባሁ ለቦርዱ የምመልሰው እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ በእኔ ስም ፈርመሃልና የተማሪዎች አለቃ ሆነህ አትቀጥልም። ምረጥ።» ቺንታን ለአለቅነት የተመረጠው በዚያው ዓመት ነው። አባቱ ባጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የተነሳውን ፎቶ አስተልቀው ሱቃቸው ውስጥ ሰቅለውት ነበር፤ ገዢ ሁሉ ሳያየው አይወጣም። «ቀልድ አልነበረም፣ ሰር» አለ ቺንታን።

አባቴ ይኼን ሲነግረኝ ሳሪዬን እንደለበስኩ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አለቀስኩ ብቻም አይደል፣ ሳቄም መጣ። ምክንያቱም ከዚያ ቢሮ እንደወጣን ያደረግኩት ትዝ አለኝ።

ጂቶን ወደ አንደኛ ክፍል እየጎተትኩ ሳልፍ ቺንታን ቧንቧው ጋ ፊቱን ይታጠብ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል። አንጀቴን በላኝ። ትናንት ዳይሬክተር፣ ዛሬ ምንም! ያለኝን እንግሊዝኛ ሁሉ አሰባሰብኩ።

«አይዞህ» አልኩት፤ «ሌላ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ያደርግሃል።»

አየኝ። ውሃው ከአፉ ፈንድቶ ወጣ፣ ቧንቧውን ይዞ ሳቀ፣ ሳቀ፣ አንዴም ያለቀሰ መሰለኝ። እኔ ከልቤ ነበር የተናገርኩት፣ ስለዚህ ተቀየምኩ።

«ሚስተር ሴሻድሪ ግን ደግ ሰው ናቸው» አልኩት ኮራ ብዬ፤ «ወንድሜን ያስገቡት እሳቸው ናቸው።»

ቺንታን ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ጂቶን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«አዎ» አለ፤ «እሳቸው ናቸው።»

ደወሉ ተደወለ። የጂቶን ሱሪ በአንድ እጄ ከፍ አድርጌ ይዤ ሮጥን።